ስልክ አስረክቦ መግባት፦ የቡድሂስት ገዳም ገብቶ ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ምን ይወቅ?

እ.ኤ.አ. በ2016 ማንዳላይ በምትባል የምያንማር ከተማ አንድ ሆላንዳዊ ቱሪስት እንቅልፍ አልወስድ አለው። ካረፈበት ቦታ አጠገብ በምሽት የድምፅ ማጉያ ይጮሃል። ልጁ ተነስቶ ወጣ፣ ድምፁ ወደሚመጣበት አዳራሽ ገባ፣ የማጉያውን ሶኬት ነቀለ። ለካ የነቀለው የቡድሂስት ስብከት ኖሯል። ጫማውን ሳያወልቅ መግባቱ ደግሞ የአካባቢውን ሰው ይበልጥ እንዳስቆጣ በጊዜው ተዘግቧል። ቅጣቱ 3 ወር እስር ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ነበር።

እኛ አገር ሌሊት በድምፅ ማጉያ ተቀስቅሶ የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ብዙዎቻችሁ በሆዳችሁ "አይፈረድበትም" እንዳላችሁ እንጠረጥራለን። ፍርድ ቤቱ ግን ፈርዶበታል።

ይሄ የመንገደኛ ታሪክ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው፤ ቤተ መቅደሱን አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ስለሚወጣው ሳይሆን፣ ገብቶ ለቀናት ተቀምጦ ሜዲቴሽን (በኛው ቃል ተመስጦ) ሊማር ስለሚፈልገው። ርዕሱ ከኛ ይርቃል እንዳትሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባንኮክ ይበራል፤ ለሕክምና የሚሄድ አለ፣ በሽተኛ ሊያስታምም የሚሄድ አለ፣ ዕቃ ሊያመጣ የሚሄድ አለ። ቲክቶክ ላይ ነጭ ለብሰው ደን ውስጥ ጸጥ ብለው የሚቀመጡ ሰዎችን አይቶ "እኔም አንድ ቀን" ያለ ወጣትም አይጠፋም።

ስለ ሃይማኖቱ አንሰብክም፣ አንቃወምምም። የምንነግራችሁ እዚያ ቤት የገባ ሰው ምን እንደሚጠበቅበትና ለምን እንደሚጠበቅበት ነው። ለምን የሚለው ካልገባችሁ ሕጉን ሁሉ ሸምድዳችሁ ብትሄዱም በ3ኛው ቀን ተናዳችሁ ትወጣላችሁ።

የእንጨት ትራስ

አንድ ቦታ ይዘን እንሂድ። በደቡብ ታይላንድ፣ ሱራት ታኒ ክፍለ ሀገር፣ ቻይያ ከምትባል ከተማ አጠገብ ሱዋን ሞክ የሚባል የደን ገዳም አለ። የመሠረቱት ቡድሃዳሳ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1932። እሳቸው በ1993 ቢያርፉም ገዳሙ ቀጥሏል። ከዋናው ገዳም ወጣ ብሎ ለውጭ አገር ሰዎች የተሠራ ግቢ አለ፤ በየወሩ መጀመሪያ የሚጀምረው የ10 ቀን የአርምሞ ቆይታ ታዋቂ ያደረገውም ይሄ ግቢ ነው። (ቀኑም ክፍያውም ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የራሳቸውን ገጽ ተመልከቱ።)

ሱባኤ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል ይደወላል። መኝታው ከሲሚንቶ የተሠራ መደብ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ሰሌን ብቻ ነው ያለው። ትራሱ ደግሞ እንጨት ነው። አዎ፣ የተጠረበ እንጨት። ገላ የሚታጠቡት ሽርጥ አገልድመው፣ ከጋራ ገንዳ በጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ እየቀዱ ነው። ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠዋትና እኩለ ቀን አካባቢ። ሥጋ የለም፤ እዚህ ላይ ሁዳዴን የለመደ ሐበሻ ከፈረንጁ ይሻላል። ማታ ትኩስ የሚጠጣ ነገር ብቻ አለ። ከምሽቱ 3፡30 ላይ መብራት ይጠፋል። በመሀሉ ያለው ቀን በሙሉ ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተል፣ ቀስ ብሎ እየተራመዱ እርምጃን መከታተልና ትምህርት መስማት ነው።

ገቢው ሰው እስኪወጣ ድረስ 8 ነገሮችን ለመጠበቅ ይስማማል። አለመግደል፣ ያልተሰጡትን አለመውሰድ፣ ከማንኛውም የወሲብ ግንኙነት መራቅ፣ አለመዋሸት፣ የሚያሰክር ነገር አለመውሰድ፣ ከቀትር በኋላ አለመብላት፣ ከዘፈን፣ ከጭፈራ፣ ከመዝናኛና ከመዋቢያ መራቅ፣ ከፍ ባለና በተመቻቸ አልጋ ላይ አለመተኛት። የእንጨት ትራሱ የመጣው ከመጨረሻው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው እነዚህን ሕጎች እንደ መግቢያ ክፍያ ነው የሚያያቸው፤ "ሕጉን ልታገስና ሜዲቴሽኑን ልማር" ይላል። እዚያ ቤት ግን ሕጉና ትምህርቱ የተለያዩ አይደሉም። ትንኝን አስቡ። ቁጭ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችኋል፤ ትንኝ ግንባራችሁ ላይ አረፈች። እጃችሁ ሳታስቡት ይነሳል። መግደል ደግሞ ክልክል ነው። በዚያች ሰከንድ ምርጫችሁ እፍ ማለት፣ ቀስ ብሎ ማባረር ወይም መተው ነው። እጃችሁ እንደተነሳ ካወቃችሁ፣ ትምህርቱ ያቺው ናት። ሰው ሲሰድባችሁ አፋችሁ ሳታስቡት የሚከፈተው በዚያው መንገድ ነውና። ደን ስለሆነ ጊንጥም መቶ እግርም ይኖራል፤ እሱም በዕቃ ተከድኖ ወደ ውጭ ይወሰዳል እንጂ በጫማ አይመታም። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ግን አራግፉት!

ስልኩ

ስልክ ሲገባ ይሰጣል፣ ሲወጣ ይመለሳል። ማንበብም መጻፍም የለም።

እኛ ራሳችን ብንሄድ የምንወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ሆነን ጀግና አንሁን። ግን አንድ ነገር እንበል፤ ሁለተኛ ስልክ ደብቆ መግባት የሚጎዳው አስተዳዳሪዎቹን አይደለም። አጠገባችሁ ያለው ልጅ የራሱን ስልክ ሰጥቶ፣ ከራሱ ጋር እየታገለ፣ ሌሊት ከናንተ ክፍል የስክሪን ብርሃን ካየ የሱም 10 ቀን ነው የሚበላሸው።

ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ለእናታችሁ ንገሩ። ይሄን እንደ ቀልድ አትዩት። ባንኮክ የሄደ ልጅ 10 ቀን ስልኩ ዝግ ከሆነ ቤተሰብ "ታስሯል ወይ ሞቷል" ነው የሚለው። ቀኑን፣ የገዳሙን ስምና የቢሮውን ስልክ ለአንድ ሰው ተዉ። ድንገተኛ ነገር ቢመጣ የሚነግራችሁ ሰው እዚያ አለ።

ከኮርሱ ውጭ፣ ስልክ በሚፈቀድባቸው ቤተ መቅደሶችም ካሜራ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለቡድሃ ሐውልት ጀርባ ሰጥቶ ሰልፊ መነሳት፣ ላዩ ላይ መውጣት፣ እያሾፉ አኳኋኑን መኮረጅ ትልቅ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ስሪላንካ ውስጥ ሦስት ፈረንሳውያን ሐውልቱን ሲስሙ ፎቶ ተነስተው በ6 ወር የገደብ እስራት ተቀጥተዋል። በ2014 ደግሞ አንዲት እንግሊዛዊት ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት ስላላት ብቻ ከዚያው አገር ተባርራለች። እሷ ተሟግታ በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈላት ወስኖላታል፤ ግን ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ታይላንድ ላይ የቡድሃ ምስል ገዝቶ ከአገር ማውጣት ፈቃድ እንደሚጠይቅም ዕቃ የምታመጡ ሰዎች እወቁ።

ጸጥ ብለው ተመስጦ ላይ ያሉ ሰዎችን መቅረጽስ? በቃ አይደረግም። ስታለቅሱ የሚቀርጻችሁ ሰው ቢኖር ምን ይሰማችሁ ነበር?

እንዴት አደርክ የለም

አርምሞ ማለት አለማውራት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በጥቅሻ መግባባት፣ ፈገግታ መለዋወጥ፣ በእጅ ምልክት መቀለድም እንዲቀር ነው የሚመከረው። ለኛ ይሄ ከረሃቡ በላይ ነው። ጠዋት የተገናኘውን ሰው ሦስቴ አራቴ ደህንነቱን ሳንጠይቅ ማለፍ ንቀት ነው ብለን ነው ያደግነው። እዚያ ግን ሰላም ሳትሉት ማለፋችሁ አክብሮት ነው፤ "ለኔ ስትል ፊትህን ማሳመር የለብህም" ማለት ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ድንገት ሊያለቅስ ይችላል። አባብሉት አትባሉም። አስተባባሪው ያየዋል፤ እናንተ ቦታችሁ ላይ ሁኑ።

አርምሞ ማለት ግን ችግርን መደበቅ አይደለም። ለታመመ፣ ለፈራ፣ ግራ ለገባው ሰው ከአስተባባሪዎቹና ከአስተማሪዎቹ ጋር መነጋገር ይፈቀዳል። እዚህ ላይ በግልጽ እንናገር፤ 10 ቀን ዝምታ መድኃኒት አይደለም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የሚወስድ፣ በቅርቡ ከባድ ሐዘን የደረሰበት ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሐኪሙንም ማዕከሉንም በሐቅ ያማክር። ቅጹ ላይ ስለ ጤና ሲጠየቅ መዋሸት ከ8ቱ አንዱን ገና በር ላይ መጣስ ነው፤ ከዚያም በላይ አደጋ አለው። ስልክ፣ ወሬና ሥራ ሲጠፋ የታፈነው ሁሉ ነው ብቅ የሚለው።

እግር፣ ጭንቅላት፣ ልብስ

ጫማ ማውለቅን ለናንተ ማስተማር አይጠበቅብንም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሄደ ያውቀዋል። እንዲያውም ፈረንጆች የሚማሩትን ግማሹን እኛ ከቤት ይዘነው እንሄዳለን፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ለትልቅ ሰው መነሳት። ነጭ ልብስም የኛ ነው። በሰሜን ታይላንድ ማ ሆንግ ሶን አካባቢ ዋት ፓ ታም ዉዋ በሚባለው የደን ገዳም እንግዳ ሁሉ ነጭ ይለብሳል፤ ለሌለው ገዳሙ ያውሰዋል።

የማናውቀው እግርን ነው። ታይላንድ ውስጥ ጭንቅላት የሰውነት ከፍተኛው፣ እግር ዝቅተኛው ክፍል ነው። የእግርን መዳፍ ወደ ሐውልቱ ወይም ወደ መነኩሴ ማዞር ስድብ ነው። እኛም ሽማግሌ ፊት እግር አንዘረጋም፤ ግን እዚህ ሰዓታት ሙሉ መሬት ላይ ስለሚቀመጡ ጉልበት ያማል፣ ሰው ሳያውቀው ይዘረጋል። ካማችሁ እግራችሁን ወደ ጎንና ወደ ኋላ አጥፉ፤ ወይም ወንበር ጠይቁ። ወንበር መጠየቅ ሽንፈት አይደለም። ለቅዳሴ መቋሚያ የተሠራው ለምን ሆነና! የሰው ጭንቅላት መንካት፣ ሕፃንን ቢሆንም፣ ተዉት።

ከመነኮሳት ጋር ሴቶች ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ቡድሂስት መነኩሴ ሴት አይነካም፣ አትነካውምም። እጅ መጨበጥ የለም፤ ዕቃ ስትሰጡ እሱ በሚዘረጋው ጨርቅ ላይ ታስቀምጣላችሁ ወይም በወንድ በኩል ታቀብላላችሁ። አንዳንዶች ይሄ ያናድዳቸዋል። የመነኩሴው የራሱ ሕግ ነው፤ ከሴት ጋር ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ መቀመጥም ተከልክሏል።

ይሄን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ መነኩሴ ብቻችሁን ወደ ክፍሉ ቢጠራችሁ፣ ሊነካችሁ ቢሞክር ወይም በግል ገንዘብ ቢጠይቅ ሕግ የጣሰው እሱ ነው። አክብሮት ማለት ዝም ማለት አይደለም፤ ውጡና ለአስተባባሪ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ታይላንድ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ግንኙነት ነበራቸው የተባሉ ቢያንስ 9 ከፍተኛ መነኮሳት ከምንኩስና ተሰናብተዋል፤ ሴትየዋም መነኮሳቱን በማስፈራራት ገንዘብ ተቀብላለች ተብላ ታስራለች። ቢጫ ልብስ የለበሰ ሁሉ መልአክ አይደለም፤ ታይላንዳውያን ራሳቸው ይሄን በደንብ ያውቃሉ።

ምግቡ የማን ነው?

የቆሎ ተማሪን አስታውሱ። አኩፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየጮኸበት፣ በር ላይ ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። የታይላንድ መነኩሴም ጠዋት ጠዋት ባዶ እግሩን የምግብ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ እሱ አይጠራም፣ አይለምንም። በዝምታ ያልፋል፤ መስጠት የፈለገ ጫማውን አውልቆ፣ ዝቅ ብሎ ዕቃው ውስጥ ያስቀምጣል። መነኩሴው "አመሰግናለሁ" አይልም። ይመርቃል፣ ያልፋል። በነሱ እምነት ዕድሉን ያገኘው ሰጪው ነውና ማመስገን ያለበትም እሱ ነው።

የገዳም ማዕድ ላይ የምትቀመጡት ይሄን ይዛችሁ ነው። ሱዋን ሞክ ላይ ከመብላት በፊት ስለ ምግቡ የሚያሳስብ ጽሑፍ ይነበባል፤ ሐሳቡ ምግብ ለጨዋታና ለውበት ሳይሆን ሰውነትን ለማቆየት ነው የሚል ነው። ስለዚህ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ቅዱ። ብዙ የደን ገዳማት ደግሞ ዋጋ አይጠይቁም፤ ከመግቢያው የስጦታ ሳጥን አለ፣ በቃ። ነጻ ነው ብሎ እንደ ሆቴል የሚኖርባቸው እንግዳ ግን ቶሎ ይታወቃል። ሥራ ይሰጣችኋል፤ ቅጠል መጥረግ፣ ዕቃ ማጠብ፣ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት። ዛሬ የጠረጋችሁት ግቢ ነገ ጠዋት በቅጠል ተሞልቶ ታገኙታላችሁ፤ ደግማችሁ ትጠርጋላችሁ።

እምነቴስ?

ብዙ ሰው ውስጡ ያለው ጥያቄ ይሄ ነው፤ አፍሮ አይጠይቀውም እንጂ። ስግደት አለ? አለ። ታይላንዳውያን ሐውልቱ ፊት ሦስት ጊዜ ይሰግዳሉ፤ ለቡድሃ፣ ለትምህርቱና ለመነኮሳቱ ማኅበር። ጠዋትና ማታ ፓሊ በሚባል ጥንታዊ ቋንቋ ዜማ ይደረጋል። ለውጭ እንግዳ በተዘጋጁ ቦታዎች ግን እምነት ቀይሩ የሚል ጥያቄ የለም። የሱዋን ሞክ መሥራች ቡድሃዳሳ ራሳቸው ከዓላማዎቻቸው አንዱ በሃይማኖቶች መካከል መግባባት እንዲኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ክርስትናና ቡድሂዝም ለክርስቲያኖች ንግግር አድርገዋል።

ይሄ የናንተን ጥያቄ አይመልስላችሁም፤ የንስሐ አባታችሁ ወይም ሼኻችሁ "አይሆንም" ሊሏችሁ ይችላሉ። የኛ ምክር አንድ ነው፤ ውሳኔውን አዲስ አበባ ጨርሱት። እንግዳ እንዲሰግድ ይጠበቃል ወይ ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ። አይጠበቅም ካሏችሁ ሰው ሲሰግድ ከኋላ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ማንም አይከፋውም። የሚያስከፋው መሀል አዳራሽ ላይ ፊትን አጨማዶ ቆሞ መታየት፣ ወይም ለቪዲዮ ብሎ ያላመኑበትን በእጥፍ መስገድ ነው። ዜማውን መስማት ብቻውን ሕሊናችሁን የሚረብሽ ከሆነ ደግሞ 10 ቀን አትመዝገቡ። አንድ ሰዓት ጎብኝታችሁ፣ አክብራችሁ መውጣትም አለ።

ማቋረጥ የፈለጋችሁ ከሆነ

ብዙ ሰው የሚፈተነው 2ኛና 3ኛው ቀን ላይ ነው። ወገብ ይታመማል፣ እንቅልፍ የለም፣ የሚመጣው ሐሳብ ሁሉ የኪራይ ቤትና የድሮ ፍቅረኛ ነው። ጎረቤታችሁ ደግሞ እንደ ሐውልት ተቀምጦ ይታያችኋል። እሱም ስለ በርገር እያሰበ ሊሆን ይችላል፤ አታወዳድሩ። አስተማሪዎቹ የሚጠብቁት ሐሳብ እንዲቆም አይደለም። እንደሄደ ስታውቁ ወደ ትንፋሻችሁ እንድትመለሱ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢሄድ መቶ ጊዜ።

ካልቻላችሁ ሌሊት ቦርሳ ይዛችሁ አትጥፉ፤ ደን ውስጥ ሊፈልጓችሁ ይወጣሉ። ለአስተባባሪው ንገሩ፣ ስልካችሁን ተቀበሉ፣ ማንንም ሳትቀሰቅሱ ውጡ። ማቋረጥ የተለመደ ነው፣ ማንም አይቆጣችሁም።

እስከ መጨረሻው ከቆያችሁ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ዝምታው ይፈታል፤ 10 ቀን አብራችሁት የኖራችሁት ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ያኔ ትሰማላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ክፍላችሁን ጥረጉ፣ ሰሌኑን ጠቅልሉ፣ የእንጨት ትራሱን ወደነበረበት መልሱ። ነገ ሌላ ሰው ይተኛበታል።